የሕግ ጥያቄዎቻችሁ፦ «ድርሻዬን እፈልጋለሁ፤ እነሱ ግን አንካፈልም ይላሉ»

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የተጻፉ ቢሆኑም ጉዳያቸው አንድ ነው። በአንድ ቤት ወይም በአንድ መሬት ላይ ድርሻ ያላቸው ሰዎች፣ ያውም የአንድ እናትና አባት ልጆች፣ መካፈል አቅቷቸው ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሰዋል ወይም ሊደርሱ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቻችንንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ አባታችን በ2003 ዓ.ም.፣ እናታችን በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ በ240 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ ቤት ትተውልናል፤ ካርታው እስከ ዛሬ በአባታችን ስም ነው። አራት ልጆች ነን፤ ሁላችንም በአንድ ማመልከቻ ጠይቀን የወራሽነት ማስረጃ ወስደናል። ታላቅ ወንድማችን ከነቤተሰቡ በዋናው ቤት ይኖራል፤ ሦስቱን ሰርቪስ ቤቶች አከራይቶ ኪራዩን የሚሰበስበውም እሱ ነው። «እንካፈል» ስንለው «የአባቴን ቤት ማንም አያሸጠኝም፤ ግብሩን የከፈልኩትም ጣሪያውን ያስቀየርኩትም እኔ ነኝ፤ ደግሞም ጊዜው አልፎባችኋል» ይለናል። ብንከሰው ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል ብለው ሰዎች አስፈራርተውናል። እኛ ቤቱ እንዲሸጥ አንፈልግም፤ ድርሻችንን ግን እንፈልጋለን።
እህትማማቾች፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ «ማንም አያሸጠኝም» የሚለው የወንድማችሁ አነጋገር በሕግ ፊት የሚቆም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 የሟች ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ እኩል እንደሚወርሱ ይደነግጋል። ከአንቀጽ 1257 ጀምሮ ስለ ጋራ ባለሀብትነት የተቀመጡት ድንጋጌዎች ደግሞ ማንኛውም የጋራ ባለሀብት ንብረቱ እንዲከፋፈል፣ መከፋፈል የማይቻል ከሆነም እንዲሸጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያስቀምጣሉ። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ የአንድ አራተኛ ባለድርሻ ናችሁ፤ ወንድማችሁ በቤቱ ውስጥ መኖሩ ከዚህ የበለጠ ድርሻ አይሰጠውም።

ጊዜ አልፏል የሚለው መከላከያ ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። ሰዎች ይህን የሚሉት የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1000 ይዘው ነው። ይህ አንቀጽ ወራሽ ያልሆነ ወይም በቂ መብት የሌለው ሰው የውርስ ንብረት በያዘ ጊዜ፣ እውነተኛው ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ ክስ እንዲያቀርብ ያዛል፤ የ15 ዓመት የመጨረሻ ገደብም አለው። ወንድማችሁ ራሱ ወራሽ ነው፤ ከእናንተ ጋር በአንድ ማመልከቻ የወራሽነት ማስረጃ መውሰዱም የእናንተን ወራሽነት እንደተቀበለ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ንብረቱን የያዘው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ነው ብላችሁ ለመከራከር ጥሩ መሠረት አላችሁ። ይሁን እንጂ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በዚህ አንቀጽ ላይ ደጋግሞ ውሳኔ የሰጠበት ምክንያት ክርክሩ እንደየጉዳዩ ሁኔታ ስለሚለያይ ነው፤ የሰበር ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ ሌላ ዓመት አትጨምሩበት።

ወደ ዋናው ፍርሃታችሁ እንምጣ። ክስ መመሥረት ማለት ቤቱን ለሐራጅ ማቅረብ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ የሚመረምረው ቤቱና ይዞታው በዓይነት፣ ማለትም ሳይሸጥ ራሱ ተቆርሶ፣ መከፋፈል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ነው፤ ለዚህም ብዙውን ጊዜ ለሚመለከተው የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ይጽፍና ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ለክቶ ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የምትከፋፈሉት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ስለሆነም ይዞታው ሲቆራረጥ እያንዳንዱ ክፍል ከተማው ካስቀመጠው ዝቅተኛ የቦታ ስፋት በታች እንዳይሆንና የየራሱ መግቢያ እንዲኖረው ይጠየቃል። 240 ካሬ ሜትር ለአራት መቆራረጡ የሚያስቸግር ይመስለናል፤ ለሁለት መከፈሉ ግን በሪፖርቱ የሚታይ ነው።

ባለሙያው የሚመጣበትን ቀን ጠይቃችሁ እወቁ፤ በቦታውም ተገኙ። ይህ ብዙ ተከራካሪዎች ችላ የሚሉት፣ እኛ ግን የክርክሩ ማዕከል ነው ብለን የምናምነው ቀን ነው። ባለሙያው ሜትሩን ዘርግቶ የዋናውን ቤት ግድግዳና የግቢውን አጥር ብቻ ለክቶ ሊሄድ ይችላል። ሰርቪስ ቤቶቹ በጓሮ በኩል ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ በር ሊወጣላቸው ይችል እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱ ለማን ወገን እንደሚደርስ፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪ ለብቻ ማስገባት ይቻል እንደሆነ፣ ዋናውን ቤት ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳ ጣሪያውን የተሸከመ መሆን አለመሆኑ እንዲመዘገብ በጨዋነት ጠይቁ። «አይከፋፈልም» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ያለችበት ሪፖርት ከቀረበም ምክንያቱ እንዲብራራ፣ ወይም ባለሙያው ችሎት ቀርቦ እንዲጠየቅ አመልክቱ። ያች አንዲት መስመር ናትና ቤቱን ወደ ሐራጅ የምትወስደው።

በዓይነት መከፋፈል የማይቻል ከሆነ ሁለተኛው መንገድ አንዳችሁ ወይም ጥቂቶቻችሁ ቤቱን አስቀርታችሁ ለቀሩት የድርሻቸውን ግምት መክፈል ነው። ቤቱ ለምሳሌ 8 ሚሊዮን ብር ቢገመት የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 2 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ ወንድማችሁ ቤቱን ለማስቀረት ለሦስታችሁ 6 ሚሊዮን መክፈል ይኖርበታል ማለት ነው፤ ሦስታችሁ ብታስቀሩት ግን ለእሱ 2 ሚሊዮን ብቻ ትከፍላላችሁ። እዚህ ላይ ግምቱ በምን እንደተሠራ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ግምቱ በግንባታ ዋጋ ብቻ ከተሠራ የአካባቢው የገበያ ዋጋ አይታይበትም፤ ቤቱን የሚያስቀረው ሰው በትንሽ ገንዘብ ሲገላገል ሌላው ይጎዳል። ይህም ካልተስማማችሁ ብቻ ነው ሐራጅ የሚመጣው፤ በሐራጁም እናንተ ራሳችሁ ተጫርታችሁ መግዛት ትችላላችሁ። ሽያጩ የማይቀር ቢሆን እንኳ ለፍርድ ቤቱ አመልክታችሁ፣ በምትስማሙበት ዝቅተኛ ዋጋና የጊዜ ገደብ ራሳችሁ ገዢ ፈልጋችሁ እንድትሸጡ ስምምነታችሁ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ከሐራጅ በእጅጉ ይሻላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 እስከ 277 ተከራካሪዎች ክርክሩ በማናቸውም ደረጃ ላይ እያለ እንዲስማሙ ይፈቅዳል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የተዘረጋው የፍርድ ቤት መር አስማሚነትም (ዳኛ ከመፍረዱ በፊት አስማሚ ተከራካሪዎቹን አነጋግሮ ለማስማማት የሚሞክርበት መንገድ) ለእናንተ ዓይነቱ ጉዳይ እጅግ ተስማሚ ነው ብለን እናምናለን፤ ወንድማችሁ ከነልጆቹ መውደቂያ እንዳያጣ መፍራቱ እውነተኛ ስጋት ሊሆን ይችላልና ስጋቱን ማስረዳት የሚችልበት ክፍል ከችሎት ይልቅ ያ ነው።

ግብሩንና ጣሪያውን በሚመለከት ወንድማችሁ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አንልም። የከፈለውን የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ ቤቱን ከመፍረስ ያዳነበትን ወጪ በደረሰኝና በምስክር ካስረዳ ከድርሻችሁ ላይ ተሰልቶ ሊታሰብለት ይገባል። በዚያው ሚዛን ግን የሰበሰበው ኪራይም ይሰላል። ስለዚህ በክሳችሁ ላይ የቤቱን ክፍፍል ብቻ ሳይሆን የኪራዩንም ሒሳብ ጠይቁ፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ኪራዩ በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ ትእዛዝ እንዲሰጥላችሁ አመልክቱ። ከሳሽ የሆነ ሰው ኪራዩን ሳይጠይቅ ቀርቶ ከዓመታት በኋላ ሌላ መዝገብ ሲያስከፍት ማየት ያሳዝናል።

ክሱን የምታቀርቡበትን ፍርድ ቤት የሚወስነው የክሱ ግምት ነው፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርሰው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ ያለው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል።

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። እናታችን በሕይወት አለች፤ ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል፤ የምትኖረውም አባታችን ከእሷ ጋር በትዳር ሳለ በሠራው ቤት ነው። ሦስት ልጆች ነን። ታናሽ ወንድማችን ቤቱ ተሸጦ ለአራት እንድንካፈል ይፈልጋል፤ ክስ እመሠርታለሁም ብሏል። እናታችን ከቤቷ ትወጣለች ማለት ነው?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ ወንድምዎ ስሌቱን የጀመረው ከተሳሳተ ቦታ ነው። እናትዎ ከልጆቿ ጋር ተሰልፋ የምትወርስ አራተኛ ወራሽ አይደለችም፤ ኑዛዜ ካለ በቀር የትዳር ጓደኛ በሕጋችን ወራሽ አይደለም። እሷ ከዚያ የሚበልጥ መብት አላት። በከተማችሁ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ የቤቱ ግማሽ ድሮም የእሷ ነበር፤ ውርስ የሚባለው የአባታችሁ ግማሽ ብቻ ነው፤ እሱም ለሦስት ልጆች እኩል ይከፈላል። ቤቱን ስድስት እጅ ብናደርገው ሦስቱ እጅ የእናታችሁ፣ አንድ አንድ እጅ የእያንዳንዳችሁ ነው። ወንድምዎ «ለአራት» ሲል ሩብ ፈልጎ ከሆነ ያለው አንድ ስድስተኛ ነው።

ይህም ሆኖ አንድ ስድስተኛ ያለው ሰውም ከጋራ ባለሀብትነት የመውጣት መብት አለው፤ ይህን ለመካድ አንችልም። ነገር ግን ሁለታችሁ ድርሻችሁን ከእናታችሁ ጋር ብታደርጉ አምስት ስድስተኛውን የያዛችሁት እናንተ ትሆናላችሁ። ስለሆነም ክሱ ሲቀርብ በመልሳችሁ ላይ ቤቱ ለእናታችሁ እንዲቀር፣ ለከሳሽም የአንድ ስድስተኛው ግምት በአንድ ጊዜ ወይም በየተወሰነ ጊዜ እንዲከፈለው ፍርድ ቤቱን ጠይቁ። አንዲት አሮጊት እናት ለአንድ ስድስተኛ ሲባል ከቤቷ እንዳትወጣ የመፍትሔው መንገድ ይህ ነው፤ ገንዘቡን ለማሟላት ሰርቪስ ካለ ማከራየት፣ ካልሆነም ከዘመድ መበደር የሚያስቆጭ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ አጣሩ፦ ቤቱ ወይም ቦታው አባታችሁ ከጋብቻ በፊት ያገኙት ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ የጋብቻውን ማስረጃና የካርታውን ወይም የግንባታ ፈቃዱን ቀን አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ወስጃለሁ፤ ቢጫ ካርድ አለኝ። ከወላጆቼ የወረስነው ቤት አዲስ አበባ አለ። ለታናሽ ወንድሜ በ2010 ዓ.ም. ጠቅላላ ውክልና ልኬለት ነበር። አሁን እሱና እህቶቼ በሽማግሌ ፊት ቤቱን ተከፋፍለው፣ ለእኔ የጓሮውን ክፍል ሰጥተው፣ ሽማግሌዎቹ የፈረሙበትን ወረቀት ላኩልኝ። አልተስማማሁም። ድርሻዬን እዚህ ላለ ጓደኛዬ መሸጥ እችላለሁ?
ከአሜሪካ

መልስ፦ ዜግነትዎን በመቀየርዎ ድርሻዎ አልጠፋም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ) ላለው ሰው የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖራቸው የሚከለክሉት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጾች እንደማይፈጸሙበት በግልጽ አስቀምጧል።

የሽማግሌው ወረቀት በሁለት ምክንያት ያጠራጥራል። የመጀመሪያው ውክልናው ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ሲሆን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመታረቅ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምክንያት ለአንባቢዎቻችን ሁሉ ይጠቅማል። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ብቻ ሳይሆን የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚያከፋፍል ውልም በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሽማግሌዎቻችን ስንት የተጣላ ቤተሰብ አስታርቀዋል፤ ሥራቸውን እናከብራለን፤ ነገር ግን ያስታረቁበት ወረቀት እዚያ ሳይደርስ በሳጥን ከተቀመጠ ከዓመታት በኋላ ልጆቻቸው የሚከራከሩበት ወረቀት ይሆናል። ስምምነቱን ካልተቀበሉት ተቃውሞዎን በጽሑፍ ዛሬውኑ ያሳውቁ፤ ጠቅላላ ውክልናውንም ይሻሩ፤ ሽረቱ ለወንድምዎ ብቻ ሳይሆን ውክልናው ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤትም መድረስ አለበት።

አዲስ ወኪል የሚሾሙ ከሆነ «ስለ ውርስ ቤቱ ክፍፍል እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ» የሚል ልዩ ውክልና በኤምባሲው በኩል አረጋግጠው ይላኩ፤ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ አገልግሎት በኩል ማለፍ ይኖርበታል። የቤቱን ካርታ ቁጥርና አድራሻ በውክልናው ላይ ማስፈር ብዙ ውጣ ውረድ ያስቀራል።

ድርሻዎን የመሸጥ መብት አለዎት፤ የቤቱን አንድ ክፍል ለይተው ግን መሸጥ አይችሉም፤ ገና ያልተከፋፈለ ቤት ላይ ያለዎት ድርሻ በሙሉ ቤቱ ላይ እንጂ በጓሮው ክፍል ላይ ብቻ አይደለምና። ከዚህም በላይ የጋራ ባለሀብቶች ድርሻው ለውጭ ሰው ሲሸጥ በቅድሚያ የመግዛት መብት አላቸው። በመሆኑም ለወንድምዎና ለእህቶችዎ ዋጋውን ጠቅሰው በጽሑፍ ሳያሳውቁ ለጓደኛዎ ቢሸጡ ጓደኛዎ የሚገዛው ቤት ሳይሆን የቤተሰብ ክርክር ይሆናል፤ እኛም ይህን መንገድ አንመክርዎትም። ድርሻዎን ቀድመው ለእነሱ ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባል አግብቼ በሌላ ቀበሌ የምኖር አራሽ ነኝ። አባቴ ሲሞት አራት ጥማድ መሬት ነበረው። ሁለት ወንድሞቼ «ባል ያላት ሴት ከአባቷ መሬት አትካፈልም» ብለው ያርሱታል። በልኬታው ጊዜ በእነሱ ስም ተመዝግቦ ደብተር ወጥቶበታል። ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ አልሆነም። ሴት ልጅ በእርግጥ አትካፈልም?
ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ ትካፈላለች። ወንድሞችዎ የሚሉት ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 7 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው፣ በውርስም እኩል እንደሚታዩ ይደነግጋል። ይህን የሚሽር ልማድም ሆነ ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም። ባል ማግባትዎ የአባትዎ ልጅ መሆንዎን አያስቀርም፤ በሌላ ቀበሌ መኖርዎም ብቻውን መብትዎን አያጠፋውም። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ስለ ውርስ ያስቀመጣቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እርስዎ አራሽ መሆንዎ በዚህ ረገድ የሚረዳዎት ነው።

ደብተሩ በወንድሞችዎ ስም መውጣቱ ተስፋ እንዳያስቆርጥዎት። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን በተቃራኒ ማስረጃ ሊፈርስ የሚችል ማስረጃ ነው። የወረዳው ገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄደው በባሕር መዝገብ ላይ መሬቱ ቀድሞ በማን ስም እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ በጽሑፍ ይጠይቁ። በአባትዎ ስም የነበረው የፊተኛው ደብተር ቅጂ፣ አባትዎ ይከፍሉበት የነበረው የግብር ደረሰኝ፣ መሬቱን በአራቱም ማዕዘን የሚያዋስኑ ባለይዞታዎች ምስክርነት ከዚህ ጋር ይያያዛል። በአዋሳኞቹ መካከል ወንድሞችዎን የማይፈራ ሰው ካለ እሱን ያስቀድሙ። ከቀበሌው የአባትዎ መሞትና የልጆቻቸው ዝርዝር የተጻፈበት ማስረጃ ይውሰዱ፤ ከዚያም በወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥተው የይዞታ ክፍፍል ክስ ያቅርቡ። ሽማግሌ መላክዎም አይጎዳዎትም፤ የገጠር መሬት ሕጎቻችን ክርክሩ አስቀድሞ በስምምነትና በሽምግልና እንዲታይ ያበረታታሉና መቼ፣ በማን ፊት እንደተሞከረ በክሱ ላይ ይጻፉት።

ከከተማ ቤት የሚለየው አንድ ነገር አለ። የገጠር መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ ለከተማዎቹ ጠያቂዎቻችን እንደገለጽነው «ካልተከፋፈለ በሐራጅ ይሸጥ» የሚለው መንገድ እዚህ ዝግ ነው። መሬቱ ለሦስት ሲከፈል ከአነስተኛው የይዞታ መጠን በታች የሚወርድ ከሆነ ሕጉ መቆራረጡን አይፈቅድም፤ ያን ጊዜ ደብተሩ በሦስታችሁ ስም ወጥቶ በጋራ መጠቀም፣ ወይም እርስዎ ድርሻዎን ለወንድሞችዎ አከራይተው የየዓመቱን ምርት ወይም ኪራይ መውሰድ ይቻላል። እኛ ሁለተኛውን እንኳ ቢመርጡ ስምዎ በደብተሩ ላይ ሳይሰፍር እንዳይስማሙ አጥብቀን እንመክራለን። «ስምሽ ባይኖርም ምርቱን እናመጣልሻለን» የሚል የቃል ተስፋ ወንድሞችዎ በሕይወት እስካሉ ሊሠራ ይችላል፤ ከእነሱ በኋላ መሬቱን የሚይዙት ልጆቻቸው ግን የሚያዩት ደብተሩን ነው።

ክሱን ሲያቀርቡ ወንድሞችዎ መሬቱን ለሦስተኛ ወገን እንዳያከራዩት የእግድ ትእዛዝ በዚያው ቀን ይጠይቁ፤ እግዱም ለወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት እንዲደርስ ያድርጉ፤ የኪራይ ውል የሚመዘገበው እዚያ ነውና። አስቀድሞ የተከራየ ሰው ካለም የክርክሩ ተካፋይ እንዲሆን ስሙን በክሱ ላይ ያስገቡ፤ ያለዚያ ፍርድ አግኝተው ሊያርሱ ሲወርዱ ማሳው ላይ የሚያገኙት «እኔ በውል ነው የያዝኩት» የሚል ሌላ ሰው ይሆናል።